ወለል የከለከለው ብሎን፦ የአሮጌ ጀልባ ሞተሪኖ ስለማውረድ

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የለመደ መካኒክ ሞተሪኖ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማውረድን ከከባድ ሥራ አይቆጥረውም። መኪናው ጉድጓድ ላይ ይቆማል ወይም በክሪክ ይነሳል፤ መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ይገባል፤ ሁለቱ ብሎኖች ከፊቱ ናቸው። ሲያትል መጥቼ በትርፍ ጊዜዬ የጀልባ ሞተር መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይኸው ሥራ፣ በዚያው ዓይነት ሞተር ላይ፣ ሙሉ ቀን ሲበላና ጨዋ ሰዎችን ሲያሳድብ አይቻለሁ። ብሎኑ ያው ብሎን ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ ያለው ነገር ነው። ጀልባ ከሥር የሚገባበት ጉድጓድ የለውም።

የምጽፈው ስለ አንድ በጣም የታወቀ ሞተር ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1955 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለሼቭሮሌት መኪኖች ያወጣው የቪ8 ሞተር ቤተሰብ በ1967 ባለ350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ባለ5.7 ሊትር፣ ሞተር ተጨመረበት። የጀልባ ሞተር አምራቾቹ መርክሩዘርም ቮልቮ ፔንታም ይህንኑ ሞተር ለውሃ እያዘጋጁ ለአሥርተ ዓመታት ሲሸጡት ስለኖሩ፣ ዛሬ በአሜሪካ ሐይቆች ላይ ያረጀ የቤንዚን ጀልባ ከፍቶ ይህን ሞተር ማግኘት ብርቅ አይደለም። በፒካፕ መኪና ላይ ሞተሪኖው በቀኝ በኩል ከታች፣ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ባለ ጥርስ ጎማ) አጠገብ ይታሠራል፤ ሁለት ብሎኖች ከታች ወደ ላይ ወደ ብሎኩ (ወደ ሞተሩ ዋና ገላ) ይገባሉ፤ ራሳቸውም ወደ መሬት ያያል። መኪናውን ከሥር ሆኖ ለሚሠራ ሰው ይህ የተመቸ አሠራር ነው። በጀልባ ውስጥ ሞተሩ ቮላኖውን ወደ ኋላ አድርጎ ሲቀመጥ ግን ሞተሪኖው ወደ ፊት ለሚያይ ሰው በቀኝ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ከሚያስወጣው ቱቦ) ሥር፣ በብሎኩና ከፊት ወደ ኋላ በሚዘረጋው የቀፎው ወራጅ መካከል ይውላል። የብሎኖቹ ራስ የሚያየው ከጥቂት ሴንቲሜትር በታች ያለውን የፋይበርግላስ ወለል ነው። ስለዚህ ችግሩ ከጉልበት ይልቅ የአቅጣጫ ችግር ነው፤ ብሎኑ እንዲደረስበት የታሰበበትን ወገን የጀልባው ቀፎ ዘግቶታል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ወደ ብሎኖቹ ከመሄድ በፊት ግን ሞተሪኖው በእርግጥ መውረድ ያለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ይህን የምለው ደህና ሞተሪኖ በመከራ ወርዶ፣ ተፈትሾ፣ ምንም ያልሆነ ሆኖ ሲገኝ ስላየሁ ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ሞተር ሦስት አራት የተለያዩ በሽታዎች ሊኖሩት ይችላል። በመርክሩዘር ላይ ከሞተሪኖው ራሱ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ከሚሠራው ማብሪያ) ሌላ፣ ከላይ በቀላሉ የሚደረስበት ሁለተኛ ትንሽ ረዳት ሶሌኖይድ አለ፤ የሚሰማው ድምፅ የእርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን መለወጥ ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በወፍራሙ የባትሪ ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ የቮልት መለኪያ ይዞ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ማንበብ ያስፈልጋል፤ ገመዱ ከግማሽ ቮልት በላይ የሚውጥ ከሆነ የታመመው ገመዱ ወይም ሞርሴቶው (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ) ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ለመኪና መካኒክ እንግዳ ነው፦ በጀልባ ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ሊገባ ይችላል። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በራሱ በሐይቁ ወይም በባሕሩ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ፣ ውስጡ በዝገት ሲበሳ ውሃው ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሮቹ ክዳን) ይወርዳል፤ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ ፒስተኑን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይህን ወዲያው ይለያል። ውሃ ባለበት ሞተር ላይ ሞተሪኖ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ አዲስና ጠንካራ ሞተሪኖ የፒስተኑን ዘንግ ሊያጣምም ይችላል።

የከተማችን ጀልባዎች በተለይ በዚህ ይጎዳሉ። ሌክ ዩኒየን በሚባለው ሐይቅ ላይ የሚያድር ጀልባ በጨዋማ ያልሆነ ውሃ ላይ ነው የሚቆመው፤ ባለቤቱ ግን ቅዳሜ ሲደርስ በ1917 በተከፈተው የባላርድ የውሃ በር (ጀልባዎችን ከሐይቁ ወደ ባሕሩ በሚያሻግረው መተላለፊያ) አልፎ ወደ ፑጄት ሳውንድ፣ ማለትም ወደ ጨው ውሃ፣ ይወጣል። ተመልሶ ሞተሩን በንጹህ ውሃ በደንብ ካላጠበ ጨው ማኒፎልዱ ውስጥ ይቀራል። ከማኒፎልዱ መገጣጠሚያ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚያርፈው ደግሞ ከሥሩ ያለው ሞተሪኖ ላይ ነው። ስለዚህ በዝገት የተሸፈነ ሞተሪኖ ሳይ መጀመሪያ ቀና ብዬ ማኒፎልዱን እመለከታለሁ።

አሁን ሞተሪኖው መውረድ አለበት እንበል። የቤንዚን ጀልባ ሞተር የሚቀመጥበት ክፍል ከመኪና ቦኔት የሚለየው ትነቱ መውጫ ስለሌለው ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ እጃችንን ልንከት ባሰብንበት በዚያው ጥግ ይጠራቀማል። ጀልባዎቹ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የአየር ማራገቢያው 4 ደቂቃ እንዲሠራ ያዝዛል፤ መፍቻ ከመያዝ በፊትም ይኸው ቢደረግ እላለሁ፤ በተጨማሪም በአፍንጫ ማሽተት። ከዚያ የባትሪው አሉታዊ ሞርሴቶ አስቀድሞ ይፈታል። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚመጣው ወፍራም ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም፤ መፍቻ በእርሱና በብሎኩ መካከል ቢነካ የሚወጣው ብልጭታ ቀልድ አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ባትሪው ሲፈታ የውሃ ማስወጫ ፓምፑም ሊሞት ይችላል። ጀልባው ውሃ ላይ ከሆነና ሥራው ሊያድር ከሆነ፣ ፓምፑን በሌላ ባትሪ ሳያስሩ ወደ ቤት መሄድ አይገባም። ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የምንረጨው ዘይት ሐይቅ ውስጥ እንዳይተፋ ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚመጥ ጨርቅ ይነጠፋል፤ በውሃው ላይ የዘይት ነጸብራቅ ማሳየት በአሜሪካ ሕግ የሚያስቀጣ ነው።

ገመዶቹን ከብሎኖቹ በፊት መፍታት ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ሞተሪኖው ገና ታስሮ ሳለ አይንቀሳቀስም፣ ፍሬዎቹም በቀላሉ ይፈታሉ። አንዳንድ መካኒኮች ሞተሪኖውን ካወረዱ በኋላ ገመዱን መፍታት ይቀላል ይላሉ፤ መኪና ላይ ልክ ናቸው። ጀልባ ላይ ግን የወረደው ሞተሪኖ የሚያርፍበት ቦታ ስለሌለ በአንድ እጅ ክብደት ይዞ በሌላው ፍሬ መፍታት ይመጣል። በትልቁ የሶሌኖይድ ምሰሶ ላይ ከባትሪው ገመድ ሌላ ከዲናሞ የሚመጣ ገመድና በመርክሩዘር ላይ ባለ90 አምፔር ፊውዝ ይኖራል። ፊውዙ ለዓይን ተራ ቆርቆሮ ስለሚመስል የሚጥለው ሰው አለ፤ ሲጠፋ ደግሞ ከዚያ ወደ ሞተሩ ገመዶችና ወደ ቁልፉ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳትና እያንዳንዱን ገመድ በቀለም ቴፕ ማሰር የሚፈጀው ጊዜ ኢምንት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው መፍቻው ሳይነካ መሠራት ያለበት ሥራ የሚመጣው፤ በእኔ እይታ የሥራው ትልቁ ክፍልም ይህ ነው። ብሎኑን ማየት ስለማይቻል በእጅ ማንበብ ያስፈልጋል። ማኒፎልዱ ቀዝቅዞ ሳለ ክንድን በእርሱና በወራጁ መካከል ወደ ታች አውርዶ፣ የሞተሪኖውን ክብ ገላ በመዳፍ ይዞ፣ ወደ ኋላ ወደ ቮላኖው እየሳቡ መሄድ ነው። ገላው ያበቃና ጣት አንድ ወፍራም የብረት አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ አፍንጫ ሥር ጣት ሲታጠፍ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ይነካል። እርሱ የውጭኛው ነው። ሁለተኛው ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ተጠግቶ፣ በሞተሪኖው ገላና በኮፓው ጠርዝ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ይገኛል፤ እውነተኛው ችግር እርሱ ነው። ስልኩን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ታች አውርዶ፣ መብራቱን አብርቶ ቪዲዮ መቅረጽ ከመስታወት ይልቅ የተሻለ ምስል ይሰጣል። በምስሉ ላይ የራሶቹን ማዕዘን ማየት ያስፈልጋል፤ ማዕዘኑ በዝገት የተበላ ከሆነ የሚመረጠው መፍቻ ይለወጣልና።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ ያጋጠመኝን ነገር ላንሳ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አገር ሰው፣ ከጡረታ በኋላ የገዙትን ጀልባ ሞተሪኖ ራሳቸው ሊያወርዱ ሞክረው አልሆን ሲላቸው ጠሩኝ። «ብሎኑ ተበይዷል ልጄ፤ በጭራሽ የሚላወስ አይደለም» አሉኝ። «ጋሼ፣ በየት በኩል ነው ሲያዞሩት የነበረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በግራ ነዋ! ብሎን በግራ አይደል የሚፈታው?» አሉ። «ከሥር ሆነው ቢያዩት ልክ ነዎት። ከላይ ተደፍተው ግን በግራ ካዞሩት እያጠበቁት ነው።» የብሎኑ ራስ ወደ ታች ስለሚያይ፣ ከላይ ለተደፋ ሰው የመፍቻው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ከላይ ሲታይ የሚፈታው እንደ ሰዓት ዘንግ ነው። ሰው በሆዱ ማኒፎልድ ላይ ተደፍቶ፣ ደም ወደ ራሱ እየወረደ፣ ክንዱ እስከ ትከሻ ተቀብሮ ይህን እንዲያስታውስ መጠበቅ ከባድ ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊት ነጭ ቴፕ ማኒፎልዱ ላይ ለጥፌ የመፍቻውን አቅጣጫ በቀስት እሥላለሁ። ጋሼ ሲያዩኝ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ራሳቸው ቀስቷን በእስክሪብቶ አደመቋት።

መፍቻውን በተመለከተ፣ የእነዚህ አሮጌ ሞተሪኖዎች ብሎን ራስ ባብዛኛው 9/16 ኢንች ነው። በሚሊሜትር ያደግን መካኒኮች እጃችን ወደ 14 ወይም ወደ 15 ይሄዳል። 9/16 ኢንች 14.29 ሚሊሜትር ስለሆነ 14 ቁጥር ደህና ራስ ላይ አይገባም፤ 15 ቁጥር ይገባል፣ ነገር ግን ልል ስለሆነ ማዕዘኑን ይበላል። ደህና ራስ ላይ 9/16 ብቻ ነው። ዝገት ራሱን ካሳነሰው ግን ነገሩ ይገለበጣልና፣ በጉልበት ገፍተው የሚያስገቡት ባለ ስድስት ማዕዘን 14 ቁጥር ሶኬት ትክክለኛው መሣሪያ ይሆናል። ባለ 12 ማዕዘን ቀለበት በተበላ ራስ ላይ ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመወዛወዣ ቦታ ጉዳይ ነው፤ ሰዎች መሣሪያ ሲገዙ የማያሰሉትም ይህን ነው። ባለ 12 ማዕዘን ቀለበት መፍቻ ቀጣዩን ማዕዘን ለመያዝ 30 ዲግሪ መዞር አለበት። በወራጁና በሞተሪኖው መካከል ያለው ቦታ የመፍቻውን እጀታ 20 ዲግሪ ብቻ የሚያስኬደው ከሆነ፣ ያ መፍቻ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አንዴ ሄዶ ይቆማል። ባለ 72 ጥርስ ራቼት (ከብሎኑ ሳይነሳ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር መፍቻ) ግን በየ5 ዲግሪው ስለሚይዝ በዚያች ቦታ ይሠራል። ስለዚህ ለውጭኛው ብሎን ራሱ የሚታጠፍ፣ ቀለበቱ ውስጥ ራቼት ያለው መፍቻ፣ ለውስጠኛው ደግሞ ለሞተሪኖ ተብሎ የሚሠራው እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆለመመ ቀለበት መፍቻ ይበጃሉ። የተቆለመመው መፍቻ የሞተሪኖውን ገላ ዞሮ ወደ ኮፓው በኩል ይገባል፤ እጀታው ደግሞ ወደ ፊት ቦታ ወዳለበት ይወጣል። ከፊት በኩል በረጅም ማራዘሚያና ክሮቼራ በመሰለ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ የሚደርሱም አሉ። ይህ የሚሆነው ከብሎኑ ራስ በታች ለሶኬቱና ለመገጣጠሚያው የሚበቃ ቁመት ካለ ነው፤ በብዙ ጀልባ የለም። በኢንተርኔት ላይ ይህን በደቂቃዎች ሲያደርጉ የሚታዩት አብዛኞቹ ሞተሩን አውጥተው መቆሚያ ላይ ሰቅለው የሚሠሩ ናቸው፤ እነርሱን አይቶ ራስን መውቀስ አያስፈልግም።

አንድ ትንሽ ነገር ሥራውን በእጅጉ ያቀልላል። የብሎኑ ራስ ወደ ታች ስለሚያይ መፍቻው በራሱ ክብደት ሁልጊዜ ለመውደቅ ያዘነብላል፤ ጉልበት በሚበዛበት ቅጽበት ዝቅ ይልና ግማሹን ራስ ብቻ ይዞ ማዕዘኑን ይልጣል። በመፍቻውና በጀልባው ወለል መካከል የእንጨት ሽብልቅ ቢገባና ቀስ ተብሎ ቢገፋ፣ መፍቻው ራሱን ጠቅልሎ እንደያዘ ይቆያል። ይኼኔ ነጻ የሚሆነው እጅ እጀታውን ብቻ ይስባል። እንጨቱ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ብረት የጀልባውን ወለል ይሰነጥቃል። እያንዳንዱ መሣሪያም በሲባጎ ታስሮ ሌላው ጫፍ ከላይ ቢቋጠር መልካም ነው፤ ወደ ጀልባው ሆድ የወደቀ ሶኬት በዘይትና በውሃ ውስጥ ተንሸራቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ስለ ዝገቱም እንዲሁ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው ዝገት የሚያላላውን ዘይት የብሎኑ ራስ ላይ ይረጫል፤ ራሱ ግን ወደ ታች ስለሚያይ ዘይቱ ወዲያው ይንጠባጠባል። ዘይቱ መግባት ያለበት ከላይ፣ የሞተሪኖው አፍንጫ ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ብሎኑ ግንድ ይሰርጋል። የእነዚህ ብሎኖች ግንድ ልሙጥ አይደለም። ሞተሪኖው በትክክለኛ ቦታው እንዲቆም ሲባል ከግንዱ ከፊሉ በጥቃቅን ጥርሶች የተሸነተረ ሆኖ በአፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ዝገት የሚይዘው በተለይ እዚያ ነው፤ ብሎክ ውስጥ ያለው ፊሌቶ (የብሎኑ ጥርስ) ብዙ ጊዜ ከሚገመተው የተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ይህን ማወቅ በሥራው መሃል ይጠቅማል። ብሎኑ «ጠቅ» ብሎ ከተላቀቀ በኋላ እንደገና ጥብቅ ሊል ይችላልና፤ ያን ጊዜ የያዘው የተሸነተረው ግንድ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ፣ ዘይት ጨምሮ፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ ማውጣት ነው። በዚህ ቦታ ጉልበት የጨመረ ሰው ብሎኑን ይቆርጣል። ዘይቱ ማታ ተረጭቶ ቢያድር የሚመረጥ ሲሆን፣ በጋራዥ የለመድነውን የአሴቶንና የማርሽ ዘይት ድብልቅ ግን በቤንዚን ጀልባ ሆድ ውስጥ አልመክርም፤ የአሴቶን ትነት ራሱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በእሳት ማሞቅ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። መኪና ላይ በችቦ ነበልባል ብዙ ብሎን ፈትተናል፤ እዚህ ግን ነበልባሉ የሚበራው የቤንዚን ቱቦ በሚያልፍበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለቱም ብሎኖች መጀመሪያ ይላላሉ፤ ከዚያ ተጠቅልሎ የሚወጣው አስቸጋሪው የውስጠኛው ነው። የሞተሪኖው ክብደት በመጨረሻው ብሎን ላይ ስለሚያርፍ፣ የመጨረሻው ብሎን እጅ የሚደርስበት ቢሆን ይሻላል። የድሮው ባለ ሙሉ ገላ ሞተሪኖ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ በወለሉና በእርሱ መካከል ያለ ጣት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እኔ ከላይ ካለ ጠንካራ ቦታ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ አውርጄ ሞተሪኖውን ካዘልኩት በኋላ ነው የመጨረሻውን የምፈታው። ሁለቱም ወጥተው ሞተሪኖው ካልወረደ መዶሻ ማንሳት ሳይሆን ወደ ፊተኛው ጫፉ መሄድ ነው። በብዙዎቹ ላይ የሞተሪኖውን የፊት ጫፍ ከብሎኩ ጎን ጋር የሚያስር ትንሽ የብረት ደጋፊ አለ፤ ቀደም ሲል የሠራ ሰው ካልጣለው በስተቀር። ብዙዎች ይጥሉታል፤ መልሶ ማሰር ስለሚያሰለች። እኔ ሲጎድል ካየሁ ፈልጌ እገጥመዋለሁ፤ ከባድ ሞተሪኖ በሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ በማዕበል ላይ ሲንቀጠቀጥ ጭነቱ ሁሉ በእነዚሁ ብሎኖችና በብሎኩ ጆሮ ላይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቦታው አሁንም እምቢ የሚልባቸው ጀልባዎች አሉ። ያን ጊዜ ምርጫው የቀኙን ማኒፎልድ ማውረድ ነው። ሥራው ከባድና ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) የሚያስለውጥ ቢሆንም፣ ማኒፎልዱ ሲነሳ ከላይ የሚከፈተው ቦታ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ያስገባል። ማኒፎልዱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም መንገድ መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ያረጀ ማኒፎልድ ያለበት ጀልባ ላይ ከዚህ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አያባክንም። ራሱ የተቆረጠ ብሎን ቢያጋጥም ሞተሪኖው ከወረደ በኋላ ብሎክ ላይ የቀረው ግንድ ጎልቶ ስለሚታይ በመያዣ ፒንሳ የሚወጣበት ዕድል ሰፊ ነው። ብሎክ ውስጥ ተደብቆ ከተቆረጠ ግን ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ ቦታ ስለሌለ ሞተሩን ከጀልባው ማውጣት ይመጣል። ከላይ ስለ ትዕግሥት የበዛው ንግግሬ በዚህ ምክንያት ነው።

የሚተካው ሞተሪኖ የጀልባ መሆን አለበት። የመኪናው በሁለቱ ብሎኖች ልክ ይገጥማል፣ ቮላኖውንም ያዞራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የጀልባው ሞተሪኖ ውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ ውጭ ያለውን የቤንዚን ትነት እንዳያቀጣጥል ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብም በቤንዚን ጀልባ ላይ ይህንኑ ይጠይቃል። በውስጡ ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ ያለው አዲሱ ዓይነት ከድሮው በግማሽ ገደማ ስለሚቀልልና ገላው ስለሚያንስ ለሚቀጥለው ጊዜ ቦታ ይሰጣል፤ ልዩነቱን መክፈል የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ብሎኖቹም አዲስና ግንዳቸው የተሸነተረ የሞተሪኖ ብሎኖች ይሁኑ። ከብረታ ብረት መደብር የተገዛ ተራ ብሎን ርዝመቱ ቢገጥም እንኳ ሞተሪኖውን በቦታው አያቆመውም። ሁለቱ ርዝመታቸው የሚለያይ ከሆነም የትኛው ከየት እንደወጣ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሞተሪኖው አሉታዊውን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በብሎኩ በኩል ስለሆነ የሚነካኩት ሁለቱ ፊቶች በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቁ ይጠረጋሉ፤ ቀለም አይቀቡም። ዝገት የሚከላከል ቅባት በተሸነተረው ግንድና ከራሱ ሥር በስሱ ይቀባል። በቶርክ መፍቻ (የሚጠብቅበትን ልክ በሚያሳይ መፍቻ) ከ30 እስከ 37 ፓውንድ ጫማ፣ ማለትም ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ገደማ ለዚህ ብሎን የተለመደ ልክ ቢሆንም፣ የሞተሩ የራሱ መመሪያ ቅድሚያ አለው። በአፍንጫውና በብሎኩ መካከል ስፔሶር (ክፍተት ለማስተካከል የሚገባ ስስ ብረት) ከነበረ መልሶ ማስገባትና ከዚያ መሞከር ነው። ከቮላኖው ሥር ያለው ሽፋን የሚከፈት ከሆነ ፒኞኑን (የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ጎማ) ወደ ቮላኖው ስቦ በጥርሶቹ መካከል የወረቀት ማያያዣ ሽቦ የሚያህል፣ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት መኖሩን ማየት ይቻላል። ካልተከፈተ ጆሮ ይፈርዳል። ማራገቢያው 4 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ የሚሰማ ቀጭን ጩኸት ፒኞኑ ከቮላኖው የራቀ መሆኑን ያሳያል፤ ስፔሶር ካለ አንዱ ይነሳል። ጩኸቱ የሚሰማው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ሲለቀቅ ከሆነ ግን በጣም ተጠግቷል ማለት ነውና አንድ ስስ ስፔሶር ይጨመራል። በጋሼ ጀልባ ላይ የሰማነው ሁለተኛውን ነበር፤ ብሎኖቹ አዲስ ስለነበሩና ቀስቷም እዚያው ማኒፎልዱ ላይ ስለነበረች ስፔሶሩን ለመጨመር እንደገና ማላላቱ ብዙም አላስቸገረንም።